እትዬ ሸምሲያ ጠይቀው እሴት ያልመለሰችው

ጭሮ ውስጥ ከመናኸሪያው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆቹ ፊት ለፊት፣ የመስተዋት በሩ በሰማያዊ መጋረጃ የተሸፈነ የሴቶች ፀጉር ቤት አለ። ባለቤቷ እሴት ቢራቱ ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ረዘም ያለች፣ ቀጠን ያለች፣ እጇ የማይቸኩል ሴት ናት። ከበደሳና ከገለምሶ፣ ከቦኬም ሳይቀር ሙሽሮች በሚኒባስ ተሳፍረው እሷ ዘንድ ይመጣሉ። ሹሩባ ከእሷ አሳምረው የሚሠሩ እጆች በከተማው አሉ፤ ይህን ራሷም አትክድም። ሴቶቹ እሷን የሚመርጡበት ምክንያት ሌላ ነው። እሱን ለመረዳት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ገለምሶ ላይ ከሆነው ነገር መጀመር ይሻላል።

ያኔ እሴት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። አክሱማዊት በምትባል ሴት ፀጉር ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አክሱማዊት ባለሙያ ነበረች፤ ወሬም ትወዳለች። "ደንበኛ ዝም ሲሉት ይደብረዋል። እጅሽ ሲሠራ አፍሽም ይሥራ" ትላት ነበር። እሴትም ተጫዋች ስለነበረች ምክሩ አልከበዳትም።

ከደንበኞቿ አንዷ ሳህሊቱ የምትባል አስተማሪ ነበረች። አንድ ቅዳሜ መጥታ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ፣ "ዛሬ ኬሚካሉን አትቀቢኝ፤ እጠቢኝና ጎንጉኚኝ ብቻ" አለቻት። እሴት ምክንያቱን ብትጠይቃት፣ ሳህሊቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ማርገዟን ነገረቻት። ካገባች ሰባት ዓመቷ ነበር። ከባሏ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እሴት ደስታው የራሷ የሆነ ያህል ተሰማት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለሌላ ደንበኛ ፀጉር እየሠራች፣ "እግዚአብሔር እኮ አይረሳም፤ ሳህሊቱንም ጎበኛት" አለች። ክፋት አልነበረባትም። ሰኞ ዕለት ግን ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሰምቶ አደረ። የሳህሊቱ አማት ገበያ ላይ ከማያውቋት ሴት አፍ ሰሙ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ፅንሱ ወረደ።

ሳህሊቱ ከወር በኋላ ወደ ፀጉር ቤቱ መጣች፤ አልገባችም፣ በሩ ላይ ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "አልሰደብሽኝም፣ አልሰረቅሽኝም፤ አውቃለሁ" አለቻት። "ግን ሰው ሁሉ 'እርግዝናው እንዴት ነው?' እያለ ሲጠይቀኝ፣ ያጣሁትን ልጅ ለአርባ ሰው አንድ በአንድ ስነግር ሰነበትኩ። ይሄን እንድታውቂው ብዬ ነው።" ይህን ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሳህሊቱ ሰላም ትላታለች፤ ፀጉሯን ግን ዳግም አላስነካቻትም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እሴት ብሂሉን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የተማረችው ግን ያን ዕለት ነው። ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጣች። ዓመቱ ሳያልቅ ገለምሶን ለቃ፣ ማበጠሪያዎቿንና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ይዛ ጭሮ ገባች።

ጭሮ ላይ ቤት መከራየት ቀላል አልሆነላትም። ባለ ቤቱ ሽማግሌ፣ "ባል የላት፣ ዘመድ የላት፣ የማን ልጅ ናት ብዬ ነው ቁልፍ የምሰጣት?" አሉ። በዚህ መሀል ከፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት እትዬ ሸምሲያ መንገዱን ተሻግረው መጡ። የስልጤ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት ግን እዚሁ ጭሮ ነው፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም በአፋቸው ይጣፍጣል። እሴትን ያዩዋት ገና ለሁለተኛ ቀን ነበር። "እኔ አውቃታለሁ፤ ስጧት" አሉ። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልጨመሩም፤ ሰጧት።

እሴት ሥራዋን የጀመረችው በዚህ ሁኔታ ነው። ሥርዓቷንም ያወጣችው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። በወረቀት ጽፋ ግድግዳ ላይ አልለጠፈችውም፤ በሥራ አሳየችው። በስተኋላ ያለችውን ጠባብ ክፍል በመጋረጃ ከልላ ሒጃብ ለሚለብሱት ሰጠች። እዚያ ወንድ ልጅ አይደርስም፤ ስልክ አውጥቶ መቅረጽም አይቻልም፤ ራስን መቅረጽም ቢሆን። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለምትዘምር ስልኳ ይዘጋል፤ "ለቅሶ ልሄድ ነው፣ አሥር ደቂቃ ብቻ" የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ተቀየሟት፤ በኋላ ቅዳሜ መምጣት ለመዱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዷ ደንበኛ ስለሌላዋ ስትጠይቅ፣ ወሬውን ወደ ገበያው ወይ ወደ አየሩ ታዞረዋለች። አልዞርም ካለ፣ "ስለ እሷ እሷን ጠይቂያት" ትላለች። ትስቃለች፣ ትጫወታለች፤ የሰው ነገር ግን ከወንበሩ አይወርድም።

አንድ ጊዜ አንዲት ወጣት የራስ ቆዳዋ በኬሚካል ቆስሎ መጥታ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ሌላ ኬሚካል እንድትደግምላት አዘዘቻት። እሴት አይሆንም ስትላት፣ ልጅቷ ተቆጥታ፣ "ፀጉሩ የኔ፣ ገንዘቡ የኔ፤ አንቺን ምን አገባሽ?" አለቻት።

"እጁ ግን የኔ ነው" አለች እሴት። "ሰው የሚያቆስል እጅ ደግሞ የለኝም። ሲድን ነይ፤ አሳምሬ እሠራሻለሁ።"

ልጅቷ በሩን ወርውራው ወጣች። ተመልሳ መጣች አልመጣች ለዚህ ታሪክ አይጠቅምም።

ዋናው ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከረመዳን በኋላ ነው። እትዬ ሸምሲያ አሥር ዓመት ያህል በየሁለት ሳምንቱ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከመጋረጃው በስተኋላ ፀጉራቸውን ይሠሩ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ሱቁን ብቻቸውን ይዘው፣ ሀሚድ የሚባለውን አንድ ልጃቸውን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አድርሰዋል። ሀሚድ ደግሞ የበደሳ ልጅ የሆነች ኢንሳፍ የምትባል ፋርማሲስት አጭቷል፤ የኒካው፣ የጋብቻ ውሉ፣ ቀንም ተቆርጧል።

ያን ማክሰኞ እሴት ግማሹን ጎንጉና እንደጨረሰች፣ እትዬ ሸምሲያ በመስተዋቱ ውስጥ አተኩረው አዩዋት።

"እሴት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እንደ ልጄ ነሽና አትደብቂኝም።"

"ይጠይቁኝ፣ እትዬ።"

"ያቺ የሀሚዴ እጮኛ፣ ኢንሳፍ። እዚህ ትመጣለች አይደል?"

"እዚህ ብዙ ሰው ይመጣል።"

"ስትገባ አይቻታለሁ። ሱቄ ፊት ለፊት ነው፤ ዓይኔም ገና አልደከመም።" እትዬ ሸምሲያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ፀጉሯ ላይ ችግር አለ ይሉኛል። በሽታ ነው የሚሉ አሉ፤ ይተላለፋል የሚሉም አሉ። እኔ ልጄ አንድ ነው። አንቺ ደግሞ በእጅሽ ነክተሽዋል። ንገሪኝ።"

እውነቱን እሴት ታውቀዋለች። ከስምንት ወር በፊት ኢንሳፍ መጥታ ሒጃቧን ስታወርድ፣ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ሁለት ቦታ ላይ ፀጉሯ በክብ በክብ ተመልጦ ነበር። ልጅቷ ሰው የነገራትን ዘይትና ቅባት ሁሉ በፌስታል ይዛ መጥታ፣ "ከነዚህ አንዱን ቀቢኝ" ብላ ለመነቻት። እሴት አንዱንም አልከፈተችም። "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፤ የቆዳ ሐኪም ሥራ ነው" ብላ ሐረር ሄዳ እንድትታይ መከረቻት። ሐኪሙ የሚድን ነው፣ ወደ ሰውም አይተላለፍም አላት፤ መድኃኒትም ሰጣት። አሁን የተመለጠው ቦታ ላይ አዲስ ፀጉር እየበቀለ ነው።

ስለዚህ እሴት አፏ ላይ ያለው ነገር መልካም ዜና ነበር። አንድ ቃል ብትናገር እትዬ ሸምሲያ ደስ ብሏቸው ይወጣሉ፣ ኢንሳፍም ከሐሜት ትድናለች። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

"እትዬ ሸምሲያ" አለች፣ ማበጠሪያዋን አስቀምጣ። "እዚህ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ ሰው ለሌላ ሰው አልናገርም።"

"እኔ ሌላ ሰው ነኝ?"

"ለኔ እናቴ ነዎት። ለእሷ ራስ ግን ሌላ ሰው ነዎት።"

እትዬ ሸምሲያ ቀስ ብለው ዞሩ። "ጤነኛ ናት ማለት ያቅትሻል? ችግር ባይኖርማ 'የለም' ትይኝ ነበር። ዝም ማለትሽ እኮ መልስ ነው።"

"መልስ አይደለም። ቢኖርም አልልዎትም፣ ባይኖርም አልልዎትም። ስለ ማንም ቢጠይቁኝ እንደዚሁ ነኝ። ስለ እርስዎም ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚሁ ነኝ።"

"ስለ እኔ የሚጠየቅ ምን አለ?"

እሴት ማበጠሪያዋን መልሳ አነሣች።

"ዋላሂ፣ እኔ ይሄን አልጠበቅኩም" አሉ እትዬ ሸምሲያ። "ያን ጊዜ 'የማን ልጅ ናት?' ሲባል፣ 'አላውቃትም' አላልኩም። አንድ ቀን ብቻ ያየሁሽን ልጅ 'አውቃታለሁ' ነው ያልኩት።"

ይህ ቃል እሴትን ልቧ ላይ መታት። እውነት ነበርና። እጆቿን በፎጣው ጠረገችና ከፊታቸው ቁጢጥ አለች።

"እስክሞት አልረሳውም። ሌላ ማንኛውንም ነገር ይዘዙኝ። ይሄን ግን ብሰጥዎት፣ የምሰጥዎት የራሴን አይደለም፤ የሰው ነው።"

እትዬ ሸምሲያ ብድግ አሉ። ግማሽ ራሳቸው ተጎንጉኖ፣ ግማሹ ተበትኖ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና ወጡ። እሴት እስከ በሩ ተከትላ መንገዱን ሲሻገሩ አየቻቸው። ባጃጅ ሊገጫቸው ደርሶ ሹፌሩ ሲጮህ እንኳ ዞር ብለው አላዩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉር ቤቱ ቀዘቀዘ። የእትዬ ሸምሲያ እህቶች ቀሩ፤ የእህቶቻቸው ልጆች ቀሩ፤ ከሳቸው ጋር የሚውሉት የሱቅ ባለቤቶች ሚስቶችም አንድ በአንድ ቀሩ። ጠዋት ጠዋት ከጀሪካን ውኃ እየቀዱ ሦስት ራስ ያጥቡ የነበሩት እሴትና ኮከቤ፣ እስከ ቀትር ፎጣ እያጣጠፉ ይቀመጡ ጀመር።

ኮከቤ ለስድስት ዓመት ከእሴት ጋር የሠራች ሴት ናት፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ያሰበችውን ሳትደብቅ የምትናገር። ሁለት ሳምንት ታገሰችና አንድ ቀን ካስኩን እየወለወለች ጀመረች።

"አቦ እሴት፣ አንድ ቃል እኮ ናት። 'ደህና ናት' በያቸውና እንገላገል። ውሸት አይደለም፤ ጥሩ ነገር ነው።"

"ጥሩ ነገር መሆኑ ነው ችግሩ" አለች እሴት። "ዛሬ ስለ አንዷ 'ደህና ናት' አልኩ እንበል። ነገ ስለ ሌላዋ ሲጠይቁኝስ? ደህና ያልሆነች እንደሆነችስ? ያኔ ዝም ብል፣ ዝምታዬን ራሱን ይተረጉሙታል። ደጉን መናገር የጀመርኩ ዕለት ክፉውንም ተናገርኩ ማለት ነው።"

ኮከቤ ጥቂት አሰበችበት። "ዝም አይነቅዝም ይላሉ" አለች። "እኛ ግን ሥራ ፈትተን ልንነቅዝ ነው።"

ሁለቱም ሳቁ። ኮከቤ ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳችም።

እሴት አልተጨነቀችም ማለት አይደለም። በሱቁ በኩል ስታልፍ እትዬ ሸምሲያ ጣቃ ሲለኩ ታያቸዋለች፤ "እንደምን አደሩ" ትላቸዋለች፤ እሳቸው በጭንቅላታቸው ብቻ ይመልሱላታል። ያንን ማየት ከባዶ ወንበር ይልቅ ያማት ነበር። ነገር ግን ተሳስቼ ይሆን ብላ አልተጠራጠረችም። ገለምሶ ላይ ያደረገችውን ስታስብ እንቅልፍ ታጣ ነበር፤ ይሄን ስታስብ ግን ታዝናለች፣ ከዚያ ትተኛለች። ልዩነቱን ታውቀው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ኢንሳፍ ከሥራ ሰዓት በኋላ መጣች። ከመጋረጃው በስተኋላ ገብታ፣ ሒጃቧን ሳታወርድ ቆመች።

"ሀሚድ እናቱ ስለ ፀጉሬ እየጠየቁ ነው አለኝ። አንቺንም ጠይቀውሽ ይሆናል። ምን አልሻቸው?"

"ስለ አንቺ ፀጉር ከአፌ የወጣ ነገር የለም። አይወጣምም።"

"ግን ጠይቀውሻል?"

"እሱን አልነግርሽም።"

ኢንሳፍ ማመን አቃታት። "የኔ ነገር እኮ ነው።"

"ፀጉርሽ ያንቺ ነው። እሳቸው እዚህ ተቀምጠው ያሉት ወይ ያላሉት ነገር ደግሞ የሳቸው ነው። እሳቸውም ደንበኛዬ ናቸው።"

"ታዲያ አንቺ ለማን ነሽ?" ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ከኔ ጋር ነሽ ወይስ ከሳቸው ጋር?"

"እዚህ ከተቀመጠ ሰው ጋር ሁሉ ነኝ" አለች እሴት። ወንበሩን ወደ እሷ አዞረችላት። "ተቀመጪ፤ ልየው።"

ኢንሳፍ ተቀመጠች። እሴት በጣቶቿ ፀጉሩን ከፋፍላ የተመለጠውን ቦታ አየች። አዲሱ ፀጉር አጭር፣ ለስላሳ፣ ገና ሳሳ ያለ ነበር፤ ክቡን ግን ሸፍኖታል።

"ምን ላድርግ?" አለች ኢንሳፍ።

እሴት ምክር መስጠት አሰኛት። "ሄደሽ ንገሪያቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም" ልትል አፏ ድረስ መጣ። ግን ያ የሀሚድና የኢንሳፍ ቤት ነው፤ እሷ ደግሞ ፀጉር ሠሪ ናት። ሰው ዕድሜ ልክ ለሚኖርበት ነገር እጇ ፀጉር ውስጥ ሆኖ መወሰን አልፈለገችም።

"ያንን እኔ አልወስንልሽም፤ አንቺና ሀሚድ ተነጋገሩበት" አለቻት። "እኔ የማውቀው እጄ የነካውን ብቻ ነው። ከባለፈው ወር ይልቅ በደንብ በቅሏል። ሐኪሙ የጻፈልሽ ወረቀትም እጅሽ ላይ ነው።"

ኢንሳፍ ተነሥታ ሒጃቧን አስተካከለች። ስትወጣ አላመሰገነችም፤ አልተቆጣችምም። ኮከቤ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና፣ "አሁን ሁለቱንም አጣናቸው" አለች። እሴት "ይሆናል" ብላ መጥረግ ጀመረች።

ኒካው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ኢንሳፍ ቀጠሮ በያዘችበት ሰዓት መጣች። ከበደሳ የመጡ አንድ አክስቷ አብረዋት ነበሩ። እሴት ትመጣለች ብላ እርግጠኛ ስላልነበረች ውኃው ገና አልሞቀም ነበር። እስኪሞቅ ድረስ ኢንሳፍ ራሷ ነገሩን አነሣች።

"ቤታቸው ሄድኩ" አለች። "ብቻዬን። ሀሚድ አብሬሽ ልሂድ ብሎኝ ነበር፤ እንቢ አልኩት። መኝታ ቤታቸው ገብተን በሩን ዘጋሁና ሒጃቤን አወረድኩ። 'ይኸው፣ እማ፣ ይዩት' አልኳቸው።"

"ውይ፣ ድፍረትሽ" አሉ አክስቷ፤ ታሪኩን ከአሥር ጊዜ በላይ ሰምተውት ነበር።

"በመዳፋቸው ዳሰሱት። 'ይሄ ነው?' አሉኝ። ይሄ ነው አልኳቸው። የሐኪሙን ወረቀት ሰጠኋቸው፤ መነጽራቸውን ፈልገው አነበቡት። ከዚያ 'ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?' አሉ። እንዳይንቁኝ ፈርቼ ነው አልኩ። ወረቀቱን አጣጥፈው፣ 'እኔም አንቺን ሳልጠይቅ አገሩን ሁሉ ጠየቅሁ' አሉኝ።"

እሴት ምንም አልጠየቀችም። ውኃው ሞቆ ነበር፤ የኢንሳፍን አንገት ደግፋ ማጠብ ጀመረች። የራሷ ፊት ግን ፈክቶ ነበርና ኮከቤ አይታ በክርኗ ነካ አደረገቻት።

አክስትየዋ ፀጉሩ ወፈር እንዲል ሰው ሠራሽ ፀጉር በማጣበቂያ እንዲያያዝ ፈልገው ነበር። "ሙሽራ ናት፤ ሙሉ መሆን አለበት" አሉ።

"ማጣበቂያ አዲሱን ፀጉር ይነቅለዋል" አለች እሴት። "አላደርገውም። በራሷ ፀጉር ግን እንደምትፈልጉት አስውባታለሁ።"

"ሌላ ፀጉር ቤት ያደርጉታል እኮ።"

"አዎ፣ ያደርጉታል።"

አክስትየዋ ኢንሳፍን አዩ። ኢንሳፍ ዓይኗን ጨፍና፣ "እሷ እንዳለችው ይሁን" አለች። እሴት ሦስት ሰዓት ወሰደባት። አዲሱን ፀጉር ሳትጎትት፣ የላይኛውን በስሱ ጎንጉና ወደ ኋላ አለበሰችው። አክስትየዋ በመጨረሻ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ የሚነቅፉት ነገር ሲያጡ የራሳቸውን ሻሽ ፈትተው ተቀመጡ። "በይ፣ እኔንም" አሉ።

ኒካው በሰላም ተፈጸመ። የእትዬ ሸምሲያ እህቶች ተመልሰው መምጣት ጀመሩ። እትዬ ሸምሲያ ግን አልመጡም።

የመጡት ከሠርጉ ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ነው፤ ማክሰኞ፣ እሴት ገና በሩን እንደከፈተች። አንገታቸውን አስገብተው ወንበሮቹ ባዶ መሆናቸውን አዩ። ኮከቤን "አንቺ፣ ሱቄ ያለችው ልጅ ሻይ አፍልታ ትስጥሽና ጠጥተሽ ነይ" ብለው አስወጧት። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ገብተው ተቀመጡ።

"መጋረጃውን ሳቢው" አሉ።

እሴት ሳበችው።

"ሦስት ፀጉር ቤት ሞከርኩ" አሉ እትዬ ሸምሲያ በመስተዋቱ ውስጥ እያዩዋት። "ሁሉም እጃቸው ጥሩ ነው። ግን አንድም ቀን ስለ ሰው ሳይነግሩኝ አልዋሉም። የማንኛዋ ባል የት እንደሚያድር፣ የማንኛዋ ልጅ ለምን ከኮሌጅ እንደቀረች። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። በኋላ ግን እነዚህ የሰውን ለኔ ከነገሩኝ፣ የኔንስ ለማን ነው የሚነግሩት? አልኩ።"

ሻሻቸውን ፈቱ። ሽበቱ ከጆሮ ግንዳቸው አልፎ እስከ መሀል ራሳቸው ወጥቷል።

"ያን ዕለት ስለ ቤቱ ያነሣሁብሽን ተዪው። ያንን ስሠራ ብድር ብዬ አልነበረም።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

"ደግሞ አንድ ቃል ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አልመጣም ነበር።" እትዬ ሸምሲያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ፊታቸው ግን እንደ ልጃገረድ ቀላ። "ገለምሶ አብዱናስር የሚባል የቡና ነጋዴ አለ። ሚስቱ ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው። ወደ እኔ ሽማግሌ ልኳል። እሺ ልለው ነው። ሀሚድ አልሰማም። እህቶቼም አልሰሙም። እስኪሰሙ ድረስ በዚህች ከተማ የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ሽበቱን በሒና አጥፊልኝ።"

እሴት በጣም ደስ አላት። ከዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ "እልል" ትል ነበር። አሁን ግን እጇን ትከሻቸው ላይ አሳርፋ፣ "አላህ የተባረከ ያድርግልዎ" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ የሒናውን ዱቄት አወረደች። "ወደ ቀይ ያድላ ወይስ ወደ ጥቁር?"

"ወደ ጥቁር። ቀዩን ከኒካው በኋላ።"

ኮከቤ ተመልሳ ስትመጣ እትዬ ሸምሲያ ራሳቸው ተጠቅልሎ ተቀምጠው ነበር። አንዳች ነገር እንዳለ ገባት፤ እሴትን አየቻት፤ እሴት ፎጣ አቀበለቻት። ለሦስት ወር ያህል እትዬ ሸምሲያ እየመጡ ሲሠሩ፣ ከእህቶቻቸው አንዷ፣ "ሸምሲያ ምን ነክቷት ነው እንዲህ የምትዋበው?" ብላ እሴትን ጠይቃ ነበር። "እሳቸውን ጠይቂያቸው" አለቻት እሴት።

ነገሩን አሁን በግልጽ የምናወራው ከተማው ሁሉ ስላወቀው ነው። እትዬ ሸምሲያ ለሀሚድ ራሳቸው ነገሩት። ሀሚድ ለሁለት ቀን አኮረፈ፤ በሦስተኛው ቀን ኢንሳፍ አንድ ነገር ብላው ይሁን አይታወቅም፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ገለምሶ ሄዶ አቶ አብዱናስርን አይቷቸው መጣ። "ጥሩ ሰው ነው" አለ። ኒካው በጥቂት ሰው፣ በቤት ውስጥ ሆነ። እሴት እንግዳ ሆና ተጠርታ፣ እንግዶቹን ከሚያስተናግዱት ሴቶች ጋር ስትሠራ ዋለች።

እትዬ ሸምሲያ ዛሬ ግማሹን ሳምንት ገለምሶ፣ ግማሹን ጭሮ ናቸው። ፀጉራቸውን ግን ማክሰኞ ማክሰኞ እዚሁ ይሠራሉ። ልማድ ክፉ ነውና አሁንም ይጠይቃሉ። ባለፈው ጊዜ አንዲት ሴት ስታለቅስ ከመጋረጃው ስትወጣ አይተው፣ "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት? ምን ሆና ነው?" አሉ።

"ራስዎን ቀና ያድርጉልኝ፣ እትዬ" አለች እሴት።

እትዬ ሸምሲያ ሳቅ አሉና ራሳቸውን ቀና አደረጉ።